የላዩን ቤት ከታቹ ያገናኘው ደረጃ

ሰውየው በላዩ ቤቴ በር ላይ በጠመኔ ቁጥር ጻፈ። የሰፈሩ በር ሁሉ እየተቆጠረ ስለነበር ዝም ብዬ አየሁት። ከዚያ በአጥሩ ጥግ ዞሮ ቁልቁለቱን ወረደና በታቹ በር ላይ ሌላ ቁጥር ጻፈ። ያን ጊዜ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ቁጥር ግን ገበያ ላይ በርበሬ ስሸጥ ለምጄዋለሁ። ሁለቱ ቁጥሮች የተለያዩ ናቸው። አንድ ነው ብዬ የኖርኩበት ቤት ሁለት ሆኖ ተመዝግቧል ማለት ነው። ትርፍ ቤት ይወረሳል የሚለው አዋጅ በራዲዮ ከተነገረ ገና ወር አልሞላውም።

«ጌታዬ፣ ይሄም እኮ የኔው ነው» አልኩት።

«ጌታ የሚባል ቀርቷል» አለኝ። የቀበሌው ጸሐፊ ነው። ከዚያ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር፤ የልጆቼን ዩኒፎርም የሰፋው እሱ ነው። «ያንቺ መሆኑንማ አውቃለሁ፣ ለሱ አይደል የመጣሁት። የራሱ በር አለው?»

«አለው።»

«የራሱ ማድ ቤትስ?»

«አለው» አልኩ። መዋሸት በዚያች ሰዓት አልመጣልኝም።

«የራሱ በር፣ የራሱ ማድ ቤት። እንግዲህ ሌላ ቤት የሚባለው ይሄ ነው።»

አብሮት የመጣው የኮሚቴ አባል ጨርቅ ነጋዴ የነበረ የወሎ ሰው ነው። መቀለድ ይወዳል። «ሁለት ቤት ያላት ሴት ያለ ባል ተቀምጣ፣ እኛ ደግሞ አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ሆነን!» አለና ሳቀ። ጸሐፊው አልሳቀም። ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ሊያጣሩ እንደሚመለሱና የታቹን ቁልፍ እንዳዘጋጅ ነግሮኝ ወደሚቀጥለው ግቢ አለፈ።

ቤቱን የሠራው ባለቤቴ ነው። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ብረት በያጅ ነበር። ናዝሬት ውስጥ ያገኘነው ቦታ ዳገት ስለሆነ ሜዳውን መርጦ ላይ አንድ ክፍል ከነማድ ቤቱ ሠራ። እናቱ ከወሎ ሲመጡ ደግሞ ቁልቁለቱን ቆፍሮ፣ ግማሽ ግድግዳውን በድንጋይ ገንብቶ፣ ሁለት ክፍል ቀጠለበት። የላዩ ቤት ወለል ከታቹ ወለል እስከ ደረቴ ከፍ ይላል። መሀል ያለው ግድግዳ ግን አንድ ነው፤ እሳቸው ታች ሲያስሉ እኔ ላይ ሆኜ እሰማቸው ነበር።

አማቴ ሙስሊም ነበሩ። ልጃቸው በኔ ምክንያት ክርስትና ተነስቶ ነው የተጋባነው። ለዚህ አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ ግን ሥጋቸው በኔ ድስት፣ ሥጋዬም በሳቸው ድስት አይገባም። ማድ ቤት የለየነው፣ በርም የለየነው እንግዶቻቸው በኔ ምድጃ አጠገብ እንዳያልፉ፣ እንግዶቼም በሳቸው እንዳያልፉ ብለን ነው። ለአረፋ ዶሮ ከነነፍሷ ይልኩልናል፣ እኛው አርደን እንድንበላት። ለፋሲካ እኔም እንደዚያው እልክላቸዋለሁ። ዶሮዋ በዳገቱ ላይ ስትመላለስ ባለቤቴ «ይቺ ዶሮ ሃይማኖቷን ሳታውቅ ልትሞት ነው» እያለ ይስቅ ነበር።

እሱን ወባ ወሰደው። እሳቸው በዓመቱ ተከተሉት። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች ልጆቼ ታች ይተኛሉ፣ እኔ ላይ ከበርበሬዬ ጋር አድራለሁ። የታቹ ቤት ከተወሰደ ሦስታችንም ላዩ ክፍል ውስጥ ልንታጨቅ ነው። እሱንስ እንችለው ነበር። እኔን የሚያባንነኝ ታች የሚገባው ሰው ነው። ማን እንደሚሆን አይታወቅ። ትልቋ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ግድግዳው ሳል ያሳልፋል፤ ቀኑን ሙሉ ገበያ ነኝ።

በዚያው ሳምንት ሰው ከቤቴ ቀረ። ከባለ ትርፍ ቤት ጋር ቆሞ መታየት የሚያስጠይቅ መስሏቸው ነው እንጂ ጠልተውኝ አይደለም፤ አሁን ሳስበው እንዲያ ይመስለኛል። ጎረቤቴ ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ ወንፊት የምንዋዋስ ሴት ነበረች። በአጥሩ ቀዳዳ ወንፊቴን መልሳ ሰጠችኝ።

«ምነው፣ ጨረስሽ?» አልኳት።

«አልጨረስኩም። አንቺ ግን ከበርቴ ሆነሻል አሉ።»

«በርበሬ እየወቀጥኩ?»

«እኔ ምን አውቄ እቴ» ብላ ሄደች። ወንፊቱ ላይ ዱቄት ነበረበት። ሳታራግፈው ነው የመለሰችው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ታቹ ቤት ወርጄ የመሀሉን ግድግዳ ሳየው ዋልኩ። የራሱ በር፣ የራሱ ማድ ቤት ነው ያለኝ። እንግዲያው በሩን ብደፍነው፣ ማድ ቤቱን ባፈርሰው፣ ግድግዳውንም ከላይ በስቼ ብወርድበትስ? ሐሳቡ ሲመጣልኝ ፈራሁ። የመንግሥት ቁጥር የተጻፈበትን በር መንካት አሻጥር ነው ቢሉኝ ማን ይመሰክርልኛል?

ሆኖም ግንበኛ ፍለጋ ሄድኩ። ያገኘሁት ከአርሲ ነገሌ የመጡ ሽማግሌ ናቸው። በማግስቱ ጧት የግድግዳ ማስተካከያ ቱንቢያቸውን በኪሳቸው ይዘው መጡ። «አከም ቡልቴ፣ እንተላ ኮ» አሉኝ፤ እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው። ከወላጆቼ ወዲህ ልጄ ብሎ የሚጠራኝ ሰው ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር።

ግድግዳውን በጣታቸው እያንኳኩ ሄዱ። «ታችኛው ድንጋይ ነው፣ አይነካም። ከድንጋዩ በላይ ያለው ጭቃ ነው። እዚህ ምሰሶ አለ፤ እሱን ከነካን ጣሪያው ራሳችን ላይ ነው። ለበር የሚሆነው ይቺ ብቻ ናት» ብለው ከአልጋዬ ራስጌ ያለችውን ቦታ አሳዩኝ።

«አልጋዬ አጠገብ?»

«ምን ታደርጊዋለሽ። ምሰሶው ቀድሞሽ ቆሟል።»

«መሰላል ብናቆምስ አባባ? ይቀላል።»

«መሰላል ለዶሮ ነው። ሰው ቢመጣ ሁለት ቤት በመሰላል አገናኙ ነው የሚለው። ደረጃ ይሁን፤ ድስት ተሸክመሽ ሳትደነቃቀፊ የምትወርጂበት።»

ከሰል ይዤ በታቹ ወለል ላይ መስመር ማስመር ጀመርኩ። በቀጥታ ከወረደ የልጆቹን ክፍል ለሁለት ይከፍለዋል፤ አልጋቸው አይገባም። እንግዲህ ሦስቱ ደረጃ ወደፊት ይውረድ፣ ከዚያ ጥግ ላይ እንደ ደጃፍ ሰፋ ይበልና የቀሩት ሦስቱ ወደ ግራ ይታጠፉ አልኳቸው። ሽማግሌው ቆመው አዩኝ።

«ማን አስተማረሽ?»

«ማንም። አልጋው እንዲገባ ብዬ ነው።»

ከደረጃው ሥር ባዶ ቦታ ይቀራልና የበርበሬ ጆንያዎቼን እዚያ እንደማስገባ ነገርኳቸው። የታቹ በር ሲደፈን ክፍሉ እንዳይጨልም ደግሞ አዲሱን በር ሰፋ አድርገን፣ ከጎኑ ያለውን ግድግዳ እስከ ወገቤ ብቻ ትተን፣ ከላዩ መስኮት ብርሃን እንዲወርድ አሰብን። ይህን ሁሉ ሳስብ ፍርሃቱን እየረሳሁት ነበር። ባለቤቴ ኖሮ ባሳየሁት፣ አማቴ ኖረው «አንቺ ልጅ፣ ቤቴን ምን አደረግሽው» ቢሉኝ ብዬ ዞር ስል ክፍሉ ውስጥ ከሽማግሌው በቀር ማንም የለም። እሳቸውም እቃቸውን እየሰበሰቡ ነበር።

የታቹን ማድ ቤት ራሴ አፈርሰዋለሁ አልኩ። የአማቴን ምድጃ በሰው ዲጂኖ ማስመታት አልሆነልኝም። ተንበርክኬ ጉልቻዎቹን አንድ በአንድ አወጣሁ፤ ሥራቸው ያለው አመድ ገና ድርቅ ያለ፣ ነጭ ነው። ጉልቻዎቹን ወደ ላይ ወስጄ ከኔዎቹ ጋር አብሬ ላስቀምጣቸው አሰብኩና ተውኩት። በሕይወታቸው ያልፈለጉትን አሁን ማድረግ ነውር መሰለኝ። በአጥሩ ሥር ቀበርኳቸው።

ስህተቱን የሠራሁት እዚያ ላይ ነው። የፈረሰውን ጭቃና ድንጋይ መንገድ ዳር ብናወጣው ሰው ያያል ብዬ ፈራሁ። ከላዩ ግቢ የሚመጣው ጎርፍ የሚያልፍበት ከቤቱ ጎን ያለ ቦይ ነበር፤ ባለቤቴ ነው የቆፈረው። ፍርስራሹን እዚያ ድፉት አልኩ። ሽማግሌው «ውሃስ በየት ይሂድ?» ሲሉኝ «ግድ የለም አባባ፣ ለጊዜው ነው» አልኳቸው። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አልተከራከሩኝም።

የታቹ በር ተደፈነ፤ ቁጥሩም ከነሳንቃው ወጣ። ደረጃው በድንጋይ ተሠርቶ በሲሚንቶ ተለሰነ። የቀበሌ ሰዎቹ ሊመለሱ ሦስት ቀን ሲቀራቸው፣ ከምሳ በኋላ የነሐሴ ዝናብ ወረደ። ቦዩ ተደፍኗልና ጎርፉ ሌላ መንገድ ፈለገ፤ በላዩ በር ገባ፣ በአልጋዬ ሥር አለፈ፣ ያንኑ የደከምኩበትን ደረጃ አንድ በአንድ እየተንደረደረ ወረደ። ልጆቼ ታች በርጩማ ላይ ቆመው ይጮሃሉ። ድሮ ቢሆን በታቹ በር ይወጣ ነበር፤ አሁን በር የለም። ውሃው ቁርጭምጭሚታቸውን አልፎ ቆመ። ድስት ይዘን እየቀዳን በደረጃው ወደ ላይ አወጣነው፤ እኔ ታች፣ ትንሿ መሀል፣ ትልቋ በር ላይ። የሚረዳን ሰው አልጠራሁም። ማንን ልጥራ?

በማግስቱ ሽማግሌው መጥተው የተጨማለቀውን ልስን አዩ። እንዳይቆጡኝ አቀርቅሬ ቆምኩ።

«ቦዩን ድፈኚው ያልኩሽ እኔ ነኝ?» አሉ።

«እኔ ነኝ አባባ። ሰው እንዳያይብኝ ብዬ።»

«አሁን ማን አየብሽ? ውሃ።» ሳቁ፤ እኔም ከስንት ቀን በኋላ ሳቅሁ። ፍርስራሹን በጠራራ ፀሐይ፣ በሁሉም ፊት መንገድ ዳር አወጣነው። ቦዩን ከፈቱት፤ በላዩ በር ላይ አንድ ስንዝር የሚሆን ደፍ ገነቡ፤ በተደፈነው በር ሥር ደግሞ ጡጫ የምታህል የውሃ መውጫ ተዉ። ልስኑ ግን ገና እርጥብ ነበር። ጥላሸት ቀብቼ አሮጌ ላስመስለው ወይ ብዬ ስጠይቃቸው እጃቸውን አወዛወዙ። «ተይው። ከጠየቁሽ አሁን ነው የሠራሁት በያቸው። በሠራሽው ቤት ምን ያሳፍርሻል?»

መጡ። ጸሐፊው በታችኛው መንገድ ቆሞ በሩን ሲፈልግ ከላይ አየሁት። ዞሮ ወጣ፤ የወሎው ሰውዬም ከኋላው።

«በሩ የት ሄደ?»

«ደፈንኩት።»

«መቼ?»

«ባለፈው ሳምንት» አልኩ።

የወሎው ሰውዬ ዛሬ አልቀለደም። «ይሄማ አሻጥር ነው። ሊወረስ የተቆጠረ ቤት እኮ ነው» አለ።

ጸሐፊው ሳይመልስለት ገባ። ደፉን ተሻገረ፣ በአልጋዬ ራስጌ አለፈ፣ ደረጃውን እየረገጠ ወረደ፤ ጥጉ ላይ ቆም ብሎ ልስኑን በጣቱ ነካና ጣቱን አየ። ታች ልጆቼ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ደብተር ይዘዋል። ማድ ቤቱ የነበረበትን ጥግም አየው።

«ከመጀመሪያውስ ለምን ለያችሁት?» አለኝ።

የአማቴን ነገር ነገርኩት። ሁሉንም በቅጡ አልተናገርኩትም፤ ስለ ድስቱ፣ ስለ ዶሮዋ፣ ስለ እንግዶቹ አንዱን ከአንዱ እየቀላቀልኩ ነው። የወሎው ሰውዬ ደረጃው ላይ ቆሞ ይሰማል።

«እሱስ እውነቷን ነው» አለ። «የኔም እናት የሚስቴን ድስት ሳይነኩ ነው የሞቱት።»

«ስለ ድስት አይደለም የመጣነው» አለ ጸሐፊው።

«ለነገሩ ነው ያልኩት።»

ጸሐፊው ደረጃውን ተመልሶ ወጣ። አልጋዬ አጠገብ ቆሞ መዝገቡን ገለጠ፣ በሩን አየ፣ አልጋዬን አየ፣ መውረጃውን አየ። «ታች ሰው ብናስገባ በየት ያልፋል?» ብሎ የወሎውን ሰውዬ ጠየቀው።

«በሴትየዋ መኝታ ነዋ።»

«ታዲያ እንዴት አድርገን ለሰው እንሰጠዋለን?» ሁለተኛውን መስመር በስክሪብቶ ሰረዘው። ወደኔም ሳያይ «አንድ መኖሪያ ቤት ተብሎ ተመዝግቧል። ሁለተኛ ሳታሳውቂ ግድግዳ እንዳትነኪ» አለኝ። ደፉ አደናቅፎት ትንሽ ተንገዳገደና ወጣ። የወሎው ሰውዬ ቆየት ብሎ ደረጃው ድንጋይ ነው ወይስ ብሎኬት ብሎ ጠየቀኝ። ድንጋይ ነው አልኩት። ግንበኛው የት እንደሚገኙም ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

ሲሄዱ በሩን ዘጋሁና ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። የምነግረው ሰው አማረኝ። ጎረቤቴ ከአጥሩ ወዲያ ልብስ ታሰጣለች፣ ትሰማኛለች፤ ግን አልጠራኋትም፣ እሷም አልጠራችኝም። ልጆቼ ከታች ቀና ብለው አዩኝ።

«ምን አሉ እማዬ?»

«ትተውልናል» አልኳቸው። «ቤቱ የኛው ነው። ማንም አይገባባችሁም፤ ደህና ነን።»