በቀርከሃ የተለካው ማርሚታ

እንጅባራ ውስጥ ወደ ቢሮ በምሄድበት መንገድ ዳር የቀርከሃ ወንበር የሚሠሩ ሰዎች አሉ፤ ለጋውን ቀርከሃ እሳት ላይ እያገላበጡ ሲያጎብጡት ጭሱ ጣፈጥ ያለ፣ ዓይን ቆጥቆጥ የሚያደርግ ሽታ ይዞ ይመጣል። ለሌላው ሰው ይህ የወንበር ሽታ ነው። ለእኔ ግን የማርሚታ ሽታ ነው፤ ይህን ስል ባልደረቦቼ የመኪና ጭስ ማውጫና ቀርከሃ ምን አገናኛቸው እያሉ ይስቁብኛል። ያገናኛቸው አያ ጌታሁን የሚባል መካኒክ ነው፣ እሱን ያላየ ሰው ቢስቅ ደግሞ አልፈርድበትም።

ያኔ የምንኖረው ከግምጃ ቤት ከተማ ወጣ ብሎ ሲሆን፣ ታላቅ እህቴ አለሚቱ ልትዳር ቀኑ ተቆርጦ ነበር። አለሚቱ በልጅነቷ ወድቃ የተሰበረው እግሯ ተጣሞ ስለዳነ እንደ ሌላው ሙሽራ በቅሎ ላይ መቀመጥ አትችልም፤ ስለዚህ ባሏ ቤት የሚያደርሳት የአጎታችን የጋሼ ምንውየለት አሮጌ ፒክአፕ እንዲሆን ተወሰነ። ችግሩ የፒክአፑ ማርሚታ ዝገት በልቶት ሲነሳ አገር ምድሩን የሚያናውጥ መሆኑ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ግምጃ ቤት ገበያ ሲገባ ፈረሶቹ ሁሉ በርግገው አንድ ጋሪ ሙሉ ድንች መንገዱ ላይ ተዘርግፏል፤ ባለድንቹ እየለቀመ የአጎቴን ዘር ማንዘር ሲራገም እኔም አብሬ እለቅም ነበር። የሙሽራው ወገኖች ደግሞ ስማቸው የተጠራ ፈረሰኞች ናቸው። ሽማግሌዎቻቸው ቁርጡን ነገሩን፤ ከዚያ መኪና ጎን ፈረስ አይሰለፍም፣ ወይ መኪናው ዝም ይበል፣ ወይ ያለ አጀብ ብቻውን ይምጣ።

አለሚቱ ይህን ስትሰማ አላለቀሰችም። «እንደ ጤፍ ጆንያ ተጭኜ ከምገባስ እያነከስኩም ቢሆን በእግሬ እሄዳለሁ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ያለቀሰችው እናቴ ናት፤ ልጇ ዕድሜዋን ሙሉ ከሌሎች ልጆች ኋላ ስትራመድ ያየች እናት፣ ቢያንስ ያቺን አንድ ቀን እንደ ማንኛዋም ሙሽራ በፈረስ ተከባ እንድትሄድ ፈልጋ ነበር።

አጎቴ ከዳንግላ አንድ ያገለገለ ማርሚታ አግኝቶ ተሸክሞ መጣ። የዚያው ዓይነት መኪና ነው ብለውት ነበር፤ እውነትም ነው፣ ግን ከእኛው መኪና ብዙ ዓመት ቆይቶ የተሠራ፣ ቁመቱ የረዘመ፣ መታጠፊያው ያለ ቦታው የመጣ፣ ማንጠልጠያዎቹም ከእኛው ጋር የማይገጥሙ ነበር። ቆሰበር፣ የዛሬዋ እንጅባራ፣ ያሉት መካኒኮች ሁሉ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። አያ ጌታሁን ብቻ መሬት ላይ አስተኝቶ ሁለት ጊዜ ከዞረው በኋላ «ሙሽራዋ መቼ ነው የምትወጣው?» አለ። እሑድ አልነው። ቀኑ ሐሙስ ነበር።

ሐሙስ ማታውኑ ቆርጦ በይዶ ገጠመው፣ መኪናውም ዝም አለ፣ አጎቴም ምርቃቱን አዥጎድጉዶ ሄደ። ዓርብ ዕለት ግን ሰው አሳፍሮ ሲመለስ ቱቦው በየጉድጓዱ ከኋላው ጎማ ዘንግ ጋር እየተጋጨ ከድሮው የባሰ ደወል ሆኖ አረፈው። አያ ጌታሁን ሲነገረው ሰበብ አልፈለገም፤ እንዲያውም ሳቀ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ባዶ መኪና ነው የለካሁት። በእኛ አገር ባዶውን የሚሄድ መኪና የት አለና?»

ቅዳሜ የቆሰበር ገበያ ነበር፤ እናቴና እኔ የሰርጉን ዕቃ ለመሸመት አብረን መጥተናል። አያ ጌታሁን አላፊ አግዳሚውን «ኑ ውጡልኝ፣ ሥራ አለኝ» እያለ ፒክአፑ ላይ ይሰቅል ጀመር፤ ቅመም የያዙ ሴቶች፣ ዶሮ የያዘ ሽማግሌ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ አንድ ቄስ፣ እናቴ፣ እኔ። መኪናው ወገቡ ሲጎብጥ እሱ ሥሩ ገባ። አባቱ የቀርከሃ ወንበር ሠሪ ነበሩና የእሱም ልኬት ከዚያው ቤት የወጣ ነው፤ ለጋ ቀርከሃ እሳት ላይ እያጎበጠ፣ ሥር እየገባ እያስጠጋ፣ እየወጣ ደግሞ እያሞቀ፣ ቱቦው ማለፍ ያለበትን መንገድ በሙሉ በቀርከሃ ሠራው። እኛ ላይ ሆነን አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ እንጠጋለን፤ ቄሱ «ልጄ፣ ቅዳሴውም እንዲህ አልረዘመ» ሲሉ ከመኪናው ሥር «ትንሽ ይታገሱኝ አባ፣ ክብደትዎ ጠቃሚ ነው» የሚል ድምፅ መጣ። ከዚያ ሁላችንንም አውርዶ ማርሚታውን ፈታና መሬት ላይ ከቀርከሃው ጎን አጋድሞ ልክ በልክ እየቆረጠ በየደው፤ ማንጠልጠያውንም ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ላስቲክ ሠራለት።

እኔ አለቀ ብዬ ነበር። እሱ ግን በርግጎ በርግጎ ስም ያወጣ ዳማ ፈረስ የነበራቸውን አያ ታምሩን ከገበያ አስጠራ።

«እባክዎ ፈረስዎን ከኋላው ጠጋ ያድርጉልኝ።»

«ቢጥለኝ ቤቴ ድረስ የምትሸከመኝ አንተ ነህ» አሉ አያ ታምሩ።

ሞተሩ ተነሳ። ፈረሱ ጆሮውን ወደፊት ቀጥ አደረገ፤ እናቴ እጄን ጨምቃ ያዘችኝ። ከዚያ ዳማው አንገቱን ዝቅ አድርጎ መሬት ላይ የወደቀ ገለባ ለቀም አደረገ፤ ገበያተኛው ሁሉ ሳቀ፣ እናቴ እልል አለች።

እሑድ ዕለት አለሚቱ ከጋሼ ምንውየለት ጎን ተቀምጣ ወጣች፤ ፈረሰኞቹ በፊት፣ በኋላ፣ በግራና በቀኝ ከበዋት ለጥ ባለው ሜዳ ላይ እየጋለቡ ሄዱ። እስከ ዛሬ ስለ ቀሚሷም ስለ ድግሱም አታነሳም። «ሞተሩ ጠፍቶኝ ኮቴው ብቻ ነበር የሚሰማኝ» ነው የምትለው።

ዛሬ ሁሉም ዕቃ በስልክ ይታዘዛል፤ ዓመተ ምርቱ ካልገጠመ አይገባም ይሉሃል፣ እውነታቸውን ነው። አያ ጌታሁን ካረፈ ቆየ፣ ፒክአፑም ተበታትኖ ተሸጧል፤ ፈረሱም እንደዚያ ዘመን አይበዛም። ይህ ሁሉ ያሳዝነኛል፣ ግን መጥፋቱ አይደለም የሚከነክነኝ። እኔም ተምሬ፣ ወንበር ይዤ፣ ብዙ ባለጉዳይ ፊቴ ቆሞ «አይገባም» ብዬ መልሻለሁ። ደንቡ አይፈቅድም ነበር፣ አልዋሸሁም። ከእነዚያ ሁሉ መካከል ግን አንዱን እንኳ፣ አያ ጌታሁን እኛን እንደጠየቀው፣ ጉዳዩን የሚፈልገው ለመቼ እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም።