የሲጋር ቤቱ ለቅሶ

አሜሪካ ውስጥ፣ ከክላርክስተን ወደ ስቶን ማውንቴን በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በልብስ ማጠቢያ ቤትና በጎማ ቤት መካከል ባለች የሲጋር ሱቅ ውስጥ ካሸር ሆኜ እሠራ ነበር። ሲጋር የሚጠቀለለው ከትምባሆ ቅጠል ነውና፣ እናቴ በስልክ ምን እንደምንሸጥ ስትጠይቀኝ «ቅጠል» እላታለሁ። ሻይ ቅጠል መስሏት «ተመስገን፣ ንጹሕ ሥራ ነው» ትለኛለች።

ባለ ሱቁን ጋሼ ነው የምለው። በሱዳን በኩል በስደት መጥቶ፣ ዛሬ ቤትም ንግድም ያለው ሰው ነው። ጾም የማይገድፍ ኦርቶዶክስ ስለሆነ በዕድሜው አንድ ጊዜ እንኳ አጭሶ አያውቅም። «ሲጋራ አይደለም፣ ሲጋር ነው» እያለ የገባውን ሁሉ ያርማል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነፍሱን የሚያድነው ይመስል።

የሚገርመው ከሰዓት በኋላ የቆዳ ወንበሮቹን ሞልተው ከሚውሉት ያገሬ ሰዎችም የሚያጨስ አልነበረም። የኤርፖርት ሹፌሩ፣ ከሆስፒታል ፈረቃ የወጣችው፣ ቤት ልግዛ አልግዛ የሚለው፣ ሁሉም ይመጣል፣ ፓርክ ያደርጋል፣ ይቀመጣል። ውጣ የሚለው የለም። ሲጋሩ እንዳይደርቅ እርጥበት የሚለቀቅበት የመስታወት ክፍል ደግሞ በር ስላለው ለምስጢር ይፈለጋል። ባልና ሚስት እየገቡ ታርቀውበታል። አየሩ የአርባ ምንጭ ስለሆነ እዚያ ውስጥ ብዙ መጨቃጨቅ አይቻልም።

የሚያጨሱት አሜሪካኖቹ ናቸው። ከእነሱ አንዱ ጡረታ የወጣ ጥቁር የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ጥግ ካለችው ወንበር ላይ ሲጋሩን ይዞ ይቀመጥና ጨዋታችንን ያዳምጣል። አማርኛ አይሰማም፤ ሰው ሲስቅ ግን ይስቃል፣ ሰው ሲቆጣ ራሱን ይነቀንቃል።

ሌላው የማይቀር ሰው የእድራችን ሊቀመንበር ነው። ቁመቱ ረጅም፣ ድምፁ ወፍራም፣ ብቻውን የሚኖር የሊሞዚን ሹፌር። በማኅበረሰባችን ውስጥ መርዶ መንገር የእሱ ሥራ ነበር። እጁን ትከሻ ላይ ያሳርፍና በመጀመሪያ «ታመዋል» ይላል፤ ቆየት ብሎ «ጠንቶባቸዋል» ይላል፤ ከዚያ ዝም ይላል። የቀረውን ዝምታው ይናገራል። ከዝናው የተነሣ አንድ ቀን የሠርግ ጥሪ ሊያደርስ ሄዶ፣ ሴትየዋ በሩን ከፍታ በጥቁር ሱፍ ቆሞ ስታየው ኡኡታዋን አቅልጣዋለች።

አንድ እሑድ ከሮዝዌል የሊቀመንበሩ ልጅ ደወለች። እዚህ ያደገች ናት።

«ደሴ ያለችው አክስቴ… ላይክ፣ ሞተች። ዳድ አያውቅም። እንዴት እንደሚነገር እኔ አላውቅም፣ ዩ ኖው? ቴክስት ላድርገው?»

አጠገቤ ሆኖ ይሰማ የነበረው ጋሼ ስልኩን ከእጄ ነጠቀና «ልጄ፣ በእግዚአብሔር፣ ቴክስት እንዳታደርጊ!» ብሎ ጮኸ።

መርዶ በወጉ ማለዳ፣ ቤቱ ተሂዶ ነው የሚነገረው። ሊቀመንበሩ ግን ማለዳ ማለዳ መንገደኛ ወደ ኤርፖርት ስለሚያመላልስ ቤቱ አይገኝም። እርግጠኛው ቦታ የሲጋር ቤቱ ነው። ስለዚህ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እሱ ሳይመጣ ሽማግሌዎቹ በጥቁር ኮት፣ ሴቶቹ በነጠላ ተሰበሰቡ። ያን ጊዜ ችግሩ ገባን። መርዶ መንገር የሚያውቅበት ሰው ቢኖር እሱ ብቻ ነው። አንዱ ሽማግሌ ከልቡ «እሱኑ ብናማክረውስ?» አለ። ዕጣው በመጨረሻ በጋሼ ላይ ወደቀ። ጋሼ ወደ መስታወቱ ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋ። በሲጋር ሣጥኖቹ መካከል ቆሞ፣ ላቡ እየወረደ፣ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታየን ነበር።

እኔ አሜሪካዊውን ጥግ ያለችውን ወንበር እንዲለቅልን ጠየቅኩት፤ ምክንያቱንም ነገርኩት። ሲጋሩን አጠፋና ወጣ።

ብዙም ሳይቆይ ሊቀመንበሩ ገባ። ጥቁር ኮቶቹን አየ፣ ነጠላዎቹን አየ፣ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ።

«ምነው ቀደም ብላችሁ ብትጠሩኝ?» አለ። «ማን ነው የሞተው?»

«እህት ናት» አለ ጋሼ።

«የማን እህት?»

«የአንድ ወንድማችን።»

«አገሯ?»

«ወሎ።»

«ወሎ የት?»

ጋሼ መሬት መሬት እያየ «ደሴ» አለ።

«ውይ! ያገሬ ልጅ ናታ! ነፍስ ይማር። ሰውየውስ መጥቷል?»

«መጥቷል።»

«የት አለ?»

«እዚሁ ነው።»

ሊቀመንበሩ ዞር ዞር ብሎ ፈለገ። በመስታወቱ ክፍል አጮልቆ አየ። «ሽንት ቤት ገብቶ ከሆነ ሳይወጣ ተቀመጡ፤ እንዲህ ተገትራችሁ ቢያያችሁ ይደነግጣል» አለና በየወንበሩ አደላድሎ አስቀመጠን። ሁላችንም እንደታዘዝነው ተቀመጥን። ከዚያ ጉሮሮውን ነካ ነካ አድርጎ ወደ ጋሼ ዞረ።

«እኔ ዛሬ ድምፄ ተዘግቷል። አንተ ንገረው። እስቲ ልስማህ።»

«ታማለች» አለ ጋሼ።

«ጥሩ ነው። ግን ዓይን ዓይኑን እያየህ ነው እንጂ! በል እኔን እየኝ።»

ጋሼ ቀና ብሎ አየው። «ታማለች።»

«ጎሽ። ቀጥል።»

«ጠንቶባታል» አለና ጋሼ እንባው ዱብ ዱብ አለ።

«ኧረ አንተ ሰው! ነጋሪ አያለቅስም!»

በዚህ መሀል በሩ ተከፈተ። አሜሪካዊው ከመኪናው ኮት ለብሶ ተመልሶ ኖሯል። ባርኔጣውን አወለቀ፣ በቀጥታ ወደ ሊቀመንበሩ ሄደ፣ እጁን በሁለት እጁ ያዘና በእንግሊዝኛ «ወንድሜ፣ ስለ እህትህ በጣም አዝናለሁ» አለው።

«ቴንኪው፣ ቴንኪው» አለ ሊቀመንበሩ በትሕትና። «ግን እኔ አይደለሁም፤ ሰውየው…» ብሎ ሊያሳየው ዞረ። አንድ በአንድ አየን። ቀና ያለ አልነበረም።

«እኔ ነኝ እንዴ?» አለ በአማርኛ።

ጋሼ ደግፎ ጥግ ካለችው ወንበር ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ቤቱ በአንድ ጊዜ በለቅሶ ተናጋ። ሊቀመንበሩ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር። ድምፁ እንደሌላው ሰው ቀጭን ሆነ። «ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እናቴ ናት እኮ» ይላል ደጋግሞ።

ለቅሶው የት ይሁን ተባለ። የሊቀመንበሩ አፓርትመንት ጠባብ ነው፤ ግቢው ውስጥ የቆመ የእንግዳ መኪና ደግሞ እየተጎተተ ይወሰዳል። አዳራሽ ሪዘርቭ መደረግ አለበት፤ ሞት ግን ሪዘርቭ አያደርግም። ጋሼ «ምን ሌላ ቦታ አስፈለገ? እዚሁ ተቀምጠን የለም እንዴ?» አለ። ከቤቱ ነጭ አንሶላ አምጥተን መደርደሪያዎቹን ሁሉ ሸፈንን። ሱቁ የሙሽራ ድንኳን መሰለ።

አባ ለጸሎት መጡ። ደጃፉ ላይ ቆም ብለው አየር ሳቡ።

«ከጨርቁ ሥር ያለው ምንድን ነው?»

«ቅጠል ነው፣ አባ» አለ ጋሼ።

«ብዙ ቅጠል ነው» አሉና ጸሎቱን አሳጥረው አደረሱ።

ሱቁን ግን መዝጋት አልተቻለም፤ ደንበኞቹ ይመጣሉ። አሜሪካኖቹ በሩን ከፍተው፣ በነጭ አንሶላ መሀል የተደረደሩትን ሐዘንተኞች ሲያዩ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። ምን እንደሆነ እነግራቸዋለሁ። ገዝተው ከመሄድ ይልቅ ይቀመጣሉ። ንፍሮ እንሰጣቸዋለን፤ እነሱ ደግሞ እየወጡ ለሊቀመንበሩ አንዳንድ ሲጋር በእጁ ያስጨብጡታል። ማጨስ የማያውቀው ሰው ጭኑ ላይ የሲጋር ክምር ይዞ ያለቅስ ነበር።

ከሁሉ የማይረሳኝ ግን አንድ አሜሪካዊ ጎረምሳ ነው። በሩን በርግዶ ገባና «ወንድ ልጅ! ወንድ ልጅ ወለድን!» ብሎ ጮኸ። አሜሪካኖች ልጅ ሲወለድላቸው ሲጋር ያድላሉ። ከአንሶላው ሥር አንድ ሣጥን ጎትቼ አወጣሁለት። ደስታው ዓይኑን ጋርዶት ኖሮ ከፊት ረድፍ ጀምሮ ለሐዘንተኞቹ ሁሉ ያድል ጀመር፤ ነጠላ ላጣፉት ሴቶች ሳይቀር።

«ምን ሆነ ነው የሚለው?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ወንድ ልጅ ተወልዶለት ነው» አልኩት።

ሊቀመንበሩ ተነሣ። ያንን ከባድ እጁን የጎረምሳው ትከሻ ላይ አሳረፈ። እኔ በድንጋጤ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሱ ግን «እግዚአብሔር ያሳድግልህ» አለው። ይኼኔ አንዷ ሴትዮ ሳታስበው «እልልልል» አለች። ሌሎቹም ተከተሏት፤ ልማድ ነዋ። ቤቱ በእልልታ ከደመቀ በኋላ ነው የት እንዳሉ ትዝ ያላቸው። ሁሉም አፉን በነጠላው ያዘ።

«አትደንግጡ» አለ ሊቀመንበሩ። «እህቴም ብትኖር እልል ትል ነበር። በሰፈሩ ልጅ ሲወለድ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ነበረች።»

ከዚያ ለቅሶው ካቆመበት ቀጠለ፤ እያንዳንዱ አልቃሽ ያልተለኮሰ ሲጋር በእጁ ይዞ።

የሊቀመንበሩ ልጅ ከሮዝዌል መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። «ዳዲ፣ ሶሪ፣ እንዴት እንደምነግርህ ጠፍቶኝ ነው» አለችው።

«ቴክስት ልታደርጊ ነበር አሉ» አላትና ከሐዘኑ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። እሷም እየሳቀች አንገቱ ሥር ገብታ አለቀሰች።

አንሶላው ከተነሣ በኋላ በተደረገው የእድር ስብሰባ ሊቀመንበሩ አሜሪካዊው አባል ይሁን አለ። ክርክር ተነሣ። ኢትዮጵያዊ አይደለም፣ ቋንቋ አያውቅም ተባለ። ራሱን ጠርተን ጠየቅነው።

«ግዴታዬ ምንድን ነው?» አለ።

«ሰው ሲሞት መጥተህ ትቀመጣለህ» አለው ጋሼ።

«እሱንማ ማንም ሳይሞት ስሠራው ኖሬያለሁ» አለ። እኔ ተረጎምኩት፤ የተቃወመ አልተገኘም።

አሁን በየለቅሶው ከሁላችን ቀድሞ የሚገኘው እሱ ነው። «እግዜር ያጥናዎት» ማለት ተምሯል፤ ለሕፃንም ለአዋቂም አንቱ እያለ ይለዋል። ንፍሮ ሲቀርብለት ከኮቱ ኪስ ትንሽ የሚያቃጥል ሶስ ጠርሙስ ያወጣና ያርከፈክፍበታል። ለቅሶ ቤት እንዲህ አይደረግም ብሎ የደፈረ የለም። ባለፈው እንዲያውም እሱና ሊቀመንበሩ ጎን ለጎን ተቀምጠው አየኋቸው። ሊቀመንበሩ ግራ ቀኙን ገላምጦ ሳሕኑን ወደ እሱ አስጠጋና በሹክሹክታ «እስቲ ለእኔም ጠብ አድርግልኝ» አለው።