እማማ ሙሉዬ በወንድማቸው ለቅሶ

በሙጃ አካባቢ ሰው ሞትን የሚፈራውን ያህል እማማ ሙሉዬን ይፈራል። ሌላዋ አልቃሽ ሟችን ሁሉ ጀግናና ቸር አድርጋ ትሸኛለች፤ እርሳቸው ግን ሙሾ ሲያወርዱ ያልነበረ ደግነት አይለጥፉም፤ እውነቱን በቅኔ ሸፍነው ይናገራሉ። የጎረቤቱን እርሻ ሲቆርስ የኖረ አንድ ባለጠጋ የሞተ ጊዜ፣ ልጆቹ ፊት ደረታቸውን እየደቁ እንዲህ አሉ፦

ድንበር ሲገፋ ኖሮ፣ የሰው ማሳ ሲለካ፣
ሦስት ክንድ መሬት ኖሯል የሚበቃው ለካ።

ለቀስተኛው በነጠላው ጫፍ አፉን ሸፍኖ ሳቀ። ሰንበት ብሎም አንዳንዱ የገፋውን ድንበር በሽማግሌ መለሰ ይባላል። እውነትን ተናግሮ ከመሸበት ማደር የእርሳቸው ደንብ ነው።

አምና ጥር ላይ ታናሽ ወንድማቸው ደግሰው ሞተ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ቢባልም በዚህ ሰውዬ መልአኩ ተሳስቷል። ደግሰው ደግ ሰው አልነበረም። ከሰው ድግስ የማይቀር፣ ለራሱ ግን ደግሶ የማያውቅ፣ እንግዳ ሲመጣ ማዕዱን የሚሸሽግ ቋጣሪ ነበር። ለእማማ ሙሉዬ ግን እናታቸው ስትሞት አዝለው ያሳደጉት ወንድም ነው።

አገሩ ነቅሎ መጣ፤ ሊያለቅስ ብቻ ሳይሆን እማማ ሙሉዬ ምን እንደሚሉ ሊሰማም ነው። ቢያወድሱት፣ የስንቱን ሟች ገበና የዘረገፈ አፍ ለወንድሙ ሲሆን ዋሸ ሊባል ነው። እውነቱን ቢያወጡት ደግሞ የደግሰው ልጅ ፀደይ አንገቷን ልትደፋ ነው።

እማማ ሙሉዬ ከሰዉ መሀል ቆሙ። አንድም ስንኝ አልመጣላቸውም።

«ደግሰው!» አሉ። «ደግሰው! ኧረ ደግሰው!»

ድምፃቸው ተሰነጠቀና ተቀመጡ።

ያን ጊዜ ቅኔ ፈቺው በዛ። «ደግ ሰው አሉት፤ ለወንድም ሲሆን ምላስም ይለሰልሳል» አለ አንዱ። «የለም፣ ሳይደግስ ሞተ ብለው ነው የወጉት» አለ ሌላው። በስልክ የተቀዳው ድምፃቸው ላሊበላ ደርሶ ቅኔ አዋቂዎቹን ሳይቀር አከራከረ።

በሠልስቱ ፀደይ ዓይኗ አባብጦ መጣች።

«አክስቴ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። አባቴን አሞገሱት ወይስ ሰደቡት? ወርቁ የትኛው ነው?»

እማማ ሙሉዬ አጠገባቸው አስቀመጧት። ዕድሜ ልካቸውን ሰውን ከቃላቸው ሥር ሌላ ቃል እንዲፈልግ ሲያስለምዱ ኖረዋል፤ ይኸው ዛሬ የሚያምናቸው ጠፋ።

«ወርቅ የለውም ልጄ» አሉ። «ወንድሜን ነው የጠራሁት፤ ቢሰማኝ ብዬ።»