በተዘጋው ክፍል ያለው ሶኬት

ልብስ ሰፊዋን የሚያውቃት ሁሉ በሁለት ነገር ያውቃታል፤ ስፌቷ አይተረተርም፣ ወሬዋ አይረዝምም። ወሬውን ለታናሽ እህቷ ትታላት ነበር። ሁለቱ ከእናታቸው በወረሷት ጠባብ ቤት አብረው ኖረው አብረው ሠርተዋል። ታላቅየዋ ትሰፋለች፤ ታናሽየዋ ከግድግዳው ወዲያ ባለው ክፍል ትተኩሳለች። ስትተኩስ የጠመመ ስፌት ካየች ምላሷን ከላንቃዋ አጣብቃ «ትቅ» ታደርጋለች። ታላቅየዋ ይህን ስትሰማ ምንም ሳትናገር መቀሷን ታነሳለች፤ ልብሱ ተመልሶ እንደሚመጣላት ታውቃለችና።

ከዚያ ታናሽየዋ ደረቷን ታመመች። በበጋ የጀመራት ሳል ለክረምት አላበቃትም። ለቀስተኛው ሲበተን ታላቅየዋ የክፍሉን በር ገጥማ ቆለፈችው። ሰው «ክፍሉን ለምን አታከራዪውም?» ሲላት «እስቲ» ትላለች። እስቲ በእሷ አፍ እምቢ ማለት ነው።

ድምፁን የሰማችው ወደ ሥራ በተመለሰችበት ዕለት ነው። የስፌት መኪናዋን ፔዳል ረገጥ ስታደርግ ከግድግዳው ወዲያ «ትቅ» አለ። እግሯን አነሳች፤ ዝም አለ። ረገጠች፤ «ትቅ… ትቅ።» አይጥ ነው እንዳትል፣ አይጥ የእሷን እግር አይጠብቅም።  ያን ቀን ሥራውን እንደ ጀመረችው ትታ ወጣች።

ግን ሰው ምን የማይለምደው አለ? እያደር ፍርሃቱ ለቀቃትና ሌላ ነገር ያዛት። ድምፁ ሲመጣ ጨርቁን ገልበጥ አድርጋ ታያለች፤ አንዳንዴ እውነትም ስፌቱ ጠምሞ ታገኘዋለች። «እሺ፣ እሺ፣ አየሁት» ትላለች ለግድግዳው። ሥራ በሌለባት ቀን እንኳ ቁራጭ ጨርቅ ታስገባና ዝም ብላ ትነዳዋለች፣ እንዲያው ለድምፁ። ለማንም አልነገረችም። ብትናገር ወይ ሐኪም ዘንድ ይወስዷታል፣ ወይ የአይጥ መርዝ ያመጡላታል። ሆድ ይፍጀው ብላ ያዘችው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሙሽራ ሚዜዎች ቀሚስ እየሰፋች ሳለ ድምፁ ተለወጠ። ይንጣጣ ጀመር። የተቃጠለ ነገር ሽታ መጣ፤ ወዲያው መኪናው መርፌውን ጨርቁ ውስጥ እንደ ሰካ ቀጥ አለ። አምፖሉን አበራችው፤ በራ። የስልኳን ቻርጀር አልጋዋ አጠገብ ባለው ሶኬት ሰካችው፤ እሱ ግን አልሠራም። ብሬከሩ አልወረደም። አውርዳ መልሳ ሰቀለችው፤ ለውጥ የለም። ጨነቃትና ለአክስቷ ልጅ ደወለችለት።

የአክስቷ ልጅ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ለቅሶ ቤት ገብቶ ሰው የሚያስቅ ቀልደኛ። ቴስተሩን ሶኬቱ ውስጥ አስገብቶ አየ፤ አይበራም። ወደ ሁለተኛው ሄደ፤ ያም እንደዚያው።

«እትዬ፣ እነዚህ ምንም አላጠፉም» አላት። «ሽቦው ከሶኬት ወደ ሶኬት እየተቀባበለ ነው የሚሄደው። ከፊታቸው ያለው ነው የጎዳቸው። ከዚህ በፊት ያለው የት ነው?»

ዓይኗን ወደ መኪናዋ መለሰች። እሱ ግን ግድግዳውን በዓይኑ ተከትሎ የተቆለፈው በር ላይ ደረሰ።

«ሌላ መንገድ የለም?» አለችው።

«ግድግዳ ማፍረስ ነዋ።»

«አፍርሰው።»

ለቀልድ የተከፈተ አፉ ተዘጋ። «እትዬ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ባፈርሰውም የምደርሰው እዚያው ነው።»

ቁልፉን ከክር ቆርቆሮዋ አውጥታ ከፈተችው። ካውያው ጠፍቶ፣ ግን ከነገመዱ ሶኬቱ ላይ እንደ ተሰካ ነው። መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ አንድ እጅጌው የተተኮሰ፣ ሌላው እጅጌው የተጨማደደ ቀሚስ አለ። የማን እንደነበር ረስታዋለች። የእህቷን ሽታ ስትጠብቅ አፍንጫዋን የመታት የቀለጠ ፕላስቲክ ነው።

ልጁ ሄዶ ብሬከሩን አወረደ። ተመልሶ በቴስተር አረጋገጠና የካውያውን ገመድ ሳበው፤ የሶኬቱን ፊት ይዞ መጣ። ብሎኖቹን ፈቶ የጠቆረውን የሽቦ ጫፍ አሳያት።

«ካውያ ኃይለኛ ነው። ስንት ዓመት ሲግል ሲበርድ ብሎኑ ላልቷል። መኪናሽን ባስነሳሽ ቁጥር መብራቱ በዚህ በኩል ነው የሚያልፈው፤ እዚህ ጋ ሲደርስ ይንጣጣል። ድምፅ አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ምን መሰለሽ?»

የካውያውን እጀታ ያዘች። «እሷ መሰለችኝ» አለች።

ካቻቢቴውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ከሶኬቱ በላይ ግድግዳው በጥላሸት ጠቁሯል፤ አጠገቡ የተንጠለጠለው የቀሚሱ ጠርዝም ተለብልቧል። «እግዜር ነው ያተረፈሽ። አንድ ቀን ከነአልጋሽ ትቃጠዪ ነበር» አላት።

ስትመልስለት የኖረችው ለላላ ብሎን ነበር። ይህ ብቻ ቢሆን ታፍርና ትተወው ነበር። ግን ሌላ ሐሳብ መጣባት፤ ያች የምትወዳት ድምፅ፣ እሺ እሺ ስትላት የከረመችው፣ ቀስ በቀስ ወደ እሳት እየጠራቻት ነበር? ሐሳቡን ለማራገፍ ራሷን ነቀነቀች፤ አልሄደላትም።

ልጁ የነደደውን ጫፍ ቆረጠ፣ ንጹሑን መዳብ አወጣ፣ አዲስ ሶኬት አስሮ እያንዳንዱን ሽቦ ጎተት ጎተት እያደረገ ፈተነው። ብሬከሩን ሰቀለና «በይ ሞክሪው» አላት። ረገጠች። መኪናው እንደ ቅቤ ሄደ። ግድግዳው ጭጭ አለ። ልጁ ደስ ብሎት እጁን ጠረገ፤ እሷም «እጅህ ይባረክ» አለችው፣ ቀና ብላ ሳታየው።

በዚያ ሰሞን ስፌቷ ይጠምም ጀመር። የሚዜዎቹ ቀሚስ ተመልሶ መጣባት፤ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባት አያውቅም። በመጨረሻ መኪናውን ብቻዋን እየጎተተች ወደ እህቷ ክፍል አስገባችው። የተጨማደደውን እጅጌ ተኮሰች፣ የተለበለበውን ጠርዝ ቆርጣ ቀሚሱን አሳጠረችና ሰቀለችው። ባለቤቱ አልመጣም። ደንበኞቿ ክፍሉ ብርሃን እንዳለው ይነግሯታል፤ እሷም «እስቲ» ትላለች።

የአክስቷ ልጅ ነገሩ አላስተኛውም መሰለኝ፣ የቀሩትን ሶኬቶች ሊያይ ተመልሶ መጣ። ማእድ ቤት ገብቶ ምድጃውን ሰካና አበራው። ከግድግዳው ውስጥ «ትቅ» አለ። ሁለቱም ሰሙ።

ልጁ ዞሮ አያት። «ላጥብቀው?» አላት።

በሩ ላይ ቆማ ነበር። ምድጃው እየጋለ ሄደ፤ ድምፁ ደገመ። እሱ አላጣደፋትም።

«አጥብቀው» አለችው። ወደ ግቢ ወጣችና እስኪጨርስ ድረስ ጆሮዎቿን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች።