ካርቡራተር የደገፈ እጅ

ኔክታሪዮ ቤሃራኖን አላውቅም የሚል ሰው ካለ፣ በቱሉዋ ከተማ ሞተር ሳይክል ነድቶ አያውቅም ማለት ነው። ጋራዡ ከእኔ ጋሪ ፊት ለፊት ነው። እኔ ቾንታዱሮ የሚባለውን የዘንባባ ፍሬ ቀቅዬ፣ ልጬ፣ በጨውና በማር እሸጣለሁ፤ እሱ ካርቡራተር ፈታትቶ በቤንዚን ያጥባል። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ተያይተናል። የሰፈሩ ሰው «ጋሼ ነገ» ይለዋል፣ ሥራ ይዞ የመጣውን ሁሉ «ነገ ና» ስለሚል። ውሸታም ሆኖ አይደለም። ልቡ ያላመነበትን ሥራ ከእጁ ማውጣት አይሆንለትም፣ በቃ።

ስሙን ያወጣለት ደግሞ ባዕድ አይደለም፣ የገዛ ታላቅ ወንድሙ አቤላርዶ ነው። አባታቸው ሲሞት ኔክታሪዮን ያሳደገው እሱ ነው። የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ፣ ሲስቅ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ፣ ሰው ሲያበሽቅ ውሎ የማይደክመው ሰው ነበር። ሁለቱም ሳያገቡ ከጋራዡ ጀርባ አንድ ቤት ውስጥ አረጁ። የአቤላርዶ ትዳር አንዲት አሮጌ ባለ አራት ሲሊንደር የጃፓን ሞተር ሳይክል ነበረች፤ እሷን ሲወለውል ያየ ሰው፣ ሚስት ያላገባው ሴት አጥቶ ሳይሆን ልቡን እሷ ስለወሰደችው እንደሆነ ይገባዋል።

የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ይቺን ሞተር ሳይክል ጋራዡ ደጅ አቆመና የአየር ሳጥኗን አውልቅልኝ አለ። በሳጥኑ ፋንታ አራት ትናንሽ ፊልትሮዎች ገዝቶ በላስቲክ ከረጢት ይዟል።

«ያ ሳጥን አየር ማሳለፍ ብቻ አይደለም ሥራው፣ ወንድም ጋሼ» አለው ኔክታሪዮ። «አራቱን ካርቡራተሮች ከኋላ ደግፎ የያዛቸው እሱ ነው። እሱ ከወጣ ከፊት በኩል ባሉት አራት የላስቲክ አንገቶች ላይ ብቻ ይንጠለጠላሉ። ላስቲክ ደግሞ ያረጃል።»

«እኔስ አላረጀሁም እንዴ? ማን ደገፈኝ?»

«እውነቴን ነው።»

«እኔም እውነቴን ነው። ድምጿ ይሰማ! እንደ መነኩሴ በሹክሹክታ አትሂድብኝ። አውልቅ ብያለሁ።»

አወለቀ። ለታላቅ ወንድሙ እንቢ ማለት አያውቅም። ሞተር ሳይክሏ እውነትም አገሳች፤ ውሻዬ ጋሪው ሥር ገብታ እስከ ማታ አልወጣችም። ኔክታሪዮ ከአሮጌ ጎማ ላስቲክ ቀደደና በካርቡራተሮቹ ሥር አሳልፎ ወደ ላይ አሰራቸው። «ነገ ደህና ደጋፊ እሠራላታለሁ» አለ። ያ ነገ አሥራ አንድ ዓመት ፈጀ።

አምና በየካቲት አቤላርዶ ፊቱን ሲታጠብ ወደቀ። ቀኝ ጎኑ ሞተ፣ አንደበቱም ተዘጋ። ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ እኔ ከኔክታሪዮ አጠገብ ነበርኩ፤ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለችው የቀርሜሎስ እመቤታችን፣ የነጂዎችና የመካኒኮች ጠባቂ ናትና፣ ቀና ብሎ ጮክ ብሎ ተሳለ። «ወንድሜን ከተውሽልኝ፣ በበዓልሽ ቀን በገዛ ሞተር ሳይክሉ፣ ሞተሩ ሳይጠፋ፣ ደጅሽ አደርሰዋለሁ።»

በሆዴ «አንተ ሰውዬ፣ ‹ሞተሩ ሳይጠፋ› የምትለውን ምን አስጨመረህ?» አልኩ። ሻማ የሚሳል ሰው መች ጠፋ! ማሽን የሚያውቅ ሰው የማሽንን ጠባይ በስለቱ ውስጥ ይከታል? ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ኔክታሪዮም ስለቱን ካልከፈለ እመቤታችን የሰጠችውን መልሳ እንደምትወስድ ያምናል። ተከራክሬው አላውቅም፤ እኔም አምናለሁና።

አቤላርዶ ተረፈ። ከቃል ሁሉ ግን አንዲት ብቻ ቀረችው፦ «ነገ»። ሾርባ ትፈልጋለህ? ነገ። አመመህ? ነገ። መጀመሪያ ሰሞን እንባችን እስኪፈስ ሳቅን፣ እሱም በግማሽ ፊቱ አብሮን ሳቀ። እየቆየ ሳቁ ከሁላችንም ጠፋ። ኔክታሪዮ ግን ከመጀመሪያውም አልሳቀም። «ከዚያ ሁሉ ወሬ የኔን ስም ብቻ ይዞ ቀረ» አለኝ አንድ ቀን፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

በዓሉ ሲቃረብ በሞተር ሳይክሏ ቀኝ ጎን ለወንድሙ መቀመጫ የሚሆን ጋሪ ገጠመ። ያ የጎማ ላስቲክ በስብሶ ካርቡራተሮቹ ዘቅዝቀው ነበርና፣ በመጨረሻ ያ «ነገ» የተባለው ደጋፊ ተሠራ። ጠፍጣፋ ብረት ቆርጦ፣ አጥፎ፣ በይዶ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሞረደው። አንዱን ጫፍ ከካርቡራተሮቹ ጋር፣ ሌላውን ከሻንሲው፣ ከሞተር ሳይክሏ የብረት አጽም፣ ጋር አሰረ።

«ከእንግዲህ በሬ ቢቀመጥባቸው ንቅንቅ አይሉም» አለኝ። ጉራ ሲነዛ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

ስህተቱም እሱ ነበር። የዚያች ሞተር ሳይክል ሞተር በላስቲክ ትራስ ላይ ስለተቀመጠ ለብቻው ይንቀጠቀጣል፣ ሻንሲው ግን ዝም ይላል። ካርቡራተሩ አፉ ከሞተሩ፣ ወገቡ ከሻንሲው ታስሮ ሲጎተት፣ መሃል ላይ የሚቀደደው ያ ያረጀ የላስቲክ አንገት ነው። ይህን እኔ ቾንታዱሮ ሻጯ እንኳ አውቀዋለሁ፣ ለስንቱ ደንበኛ «ደጋፊውን ከሞተሩ ጋር እሰረው፣ ከሻንሲው ጋር አይደለም» ሲል ሰምቼዋለሁ። ለገዛ ወንድሙ ሲሆን ፈራ፤ ከሁሉ የጠነከረውን ብረት ፈለገና ከሁሉ የጠነከረው ሻንሲው ሆነበት።

በእመቤታችን ዕለት በእኛ ሰፈር መፍቻ አይነካም። ከዋዜማው ጀምሮ የመሣሪያ ሳጥን ሁሉ ተቆልፎ ሥዕሏ ሥር ይቀመጣል፣ ላዩ ላይ አበባ ይደረጋል። በዕለቷ ያጠበቁትን ብሎን ራሷ ትፈታዋለች ይባላል።

ጁላይ አሥራ ስድስት ረፋዱ ላይ ሞተር ሳይክሉ፣ ታክሲው፣ የጭነት መኪናው ሁሉ ፊኛና ሪባን አስሮ፣ ጥሩምባውን እየነፋ በእግረኛ ፍጥነት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይጓዛል። አቤላርዶ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ እንዳይወድቅ ወገቡ በአንሶላ ታስሮ ጋሪው ውስጥ ተቀምጧል። ኔክታሪዮ ይነዳል፣ እኔ ጃንጥላ ይዤ ከጎን እራመዳለሁ።

ገበያውን እንዳለፍን ሞተሩ ማንም ጋዝ ሳይሰጠው በራሱ ጮኸ። ከዚያ ሳል ጀመረው። ኔክታሪዮ ጆሮውን ወደ ቤንዚን ታንከሩ ዝቅ አደረገ፣ ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሏል።

«አየር እየሳበ ነው። አንገቶቹ ተቀደዱ።» ጎንበስ ብሎ አየና «የገዛ ብረቴ ነው የቀደዳቸው» አለ።

«እና ብረቱን ፍታዋ!»

«በምን ልፍታው፣ ዶራሊሴ? በዛሬ ቀን?»

ዙሪያዬን አየሁ። ከፊትም ከኋላም የከተማው መካኒክ በሙሉ አለ፣ በመካከላቸው ግን አንዲት ካቻቢቴ የለችም። ተፎካካሪው ፋብሪሲዮ አጠገባችን ደርሶ ድምጹን ሰማና ገባው። ባዶ እጁን አየ፣ አማተበ፣ አለፈ።

ኔክታሪዮ ወረደ። «ወንበሩ ላይ ውጪና አንቺ ንጂ። ቀስ ብለሽ።» እሱ በግራ በኩል ቆሞ እጁን ከታንከሩ ሥር ሰደደና ካርቡራተሮቹን ከኋላ ወደ ሞተሩ ገፍቶ ያዛቸው። ስንጥቁ ገጠመ፣ ሳሉ ቆመ፣ ሚኒሞው፣ የሞተሩ የዝግታ ዙር፣ ተስተካከለ። እየተራመደ፣ ካርቡራተር በእጁ ደግፎ፣ ወንድሙን ይዞ ጉዞ ጀመረ።

ሞተሩ ከጋለ ቆይቷል። ጣቶቹ ሲሊንደሩን ይነካሉ። መጀመሪያ ትንፋሹ ተቆራረጠ፣ ከዚያ የተቃጠለ ቆዳ ሸተተኝ።

«ተው ኔክታሪዮ፣ እጅህ!»

«አራት መቶ ሜትር ነው የቀረው።»

«በእመቤታችን፣ ልቀቀው!»

«ስለ እሷ ነው የያዝኩት። ንጂ!»

ብፈጥን አይደርስብኝም፣ ባዘገይ እጁ ያልቃል። ደወሉ ይታየኛል፣ መንገዱ ግን በሰው ተጠቅጥቋል። እያለቀስኩ ነዳሁ፣ ምን ላድርግ? አቤላርዶ አንገቱን አዙሮ የወንድሙን ፊት ብቻ ያያል። ፊቱን እንጂ እጁን ማየት አይችልም፣ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ፊት ነው።

አንድ መቶ ሜትር ሲቀረን አቤላርዶ ደህናውን ግራ እጁን አነሳ። መጥታ መሪው ላይ ያለ እጄን ነካች፤ ሊይዘኝ የፈለገ መሰለኝ። አውራ ጣቱ ግን ከጋዝ መስጫው አጠገብ ያለችውን ቀይ የሞተር ማጥፊያ፣ ሠላሳ ዓመት የሚያውቃትን፣ ፈልጎ አገኛትና ተጫናት።

ሞተሩ ጠፋ።

«ነገ» አለ አቤላርዶ።

ኔክታሪዮ እጁን አላወጣም። «አስነሺው! ዶራሊሴ፣ አስነሺው!»

ሞከርኩ። አቤላርዶ ጣቱን ከማጥፊያዋ ላይ አላነሳም። ላነሳው እችል ነበር፣ የታመመ ሰው ጣት ነው። ግን አልጨከንኩም።

«ወንድም ጋሼ፣ ተው እባክህ! ላንተ ነው የተሳልኩት፣ ለሕይወትህ ነው!»

«ነገ።»

«ዛሬ ነው እንጂ! ዛሬ ብዬ ነው የተሳልኩት!»

«ነገ» አለ አቤላርዶ፣ ግማሽ ፊቱ በእንባ ርሶ።

ከኋላ ያሉት ጥሩምባ አንባረቁብን፣ ከዚያ ነገሩ ሲገባቸው ወርደው ገፉን። ደጁ ደረስን፣ ቄሱም ጠበል ረጩን። ኔክታሪዮ እጁን በሽርጤ ጠቅልሎ ከኋላ መጣ፣ አልተሳለመም። «ሞተሩ ሳይጠፋ ነበር ያልኩት» ብቻ አለ። «ተገፍቶም ቢሆን ደርሷል» ብዬ ብለምነው አልሰማኝም።

አሁን አራት ጣቶቹ አይታጠፉም፣ ትናንሽ ብሎን አይዙለትም። ከተጣለ ሞተር ሳይክል ደህና የላስቲክ አንገቶች አግኝቶ፣ ደጋፊውንም እንደገና ሠራ፣ የአሁኑን ግን ከሞተሩ ጋር አስሮ። ብሎኖቹን እሱ እያሳየኝ ያጠበቅኳቸው እኔ ነኝ። ሞተር ሳይክሏ ለመጪው በዓል ተዘጋጅታ ጥግ ላይ ቆማለች።

ፍሬዬን ስደረድር ጠዋት ጠዋት በጋራዡ ጎን ባለው መተላለፊያ በኩል አየዋለሁ። ጋራዡን ከመክፈቱ በፊት የወንድሙ ክፍል በር ላይ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይቆማል። ሚኒሞ እንደሚያዳምጥ ትንፋሹን ያዳምጣል። አንዳንድ ቀን ብዙ ይቆያል፣ ያኔ የእኔም እጅ ሥራ ይፈታል።

ሲወጣ «እንዴት አደረ?» እለዋለሁ።

«ነገ ይላል» ይለኛል።

ለእመቤታችን በዓል ገና ሰባት ወር ይቀራል።