ሕፃን ጨዋ አይሆንም

አማቴ ልጅ ሲያመሰግኑ ቃላቸው አንድ ነበር፤ «ጨዋ ነው» ይላሉ። ከዚያ በላይ ሙገሳ አያውቁም። የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ መቱ ውስጥ አራስ የነበርኩ ጊዜ ይህንኑ ቃል ከጠዋት እስከ ማታ ያሰሙኝ ነበር። ያ ልጅ ዛሬ እሱ ራሱ የልጆች አባት ነው። እኔ ግን ስለ አራስ ልጅ «ጨዋ» ሲባል በሰማሁ ቁጥር እስከ አሁን ልቤ ድንግጥ ይላል።

አማቴ የጎሬ ሰው ናቸው። በዚያን ዘመን የጎሬ ሰው መቱን ቁልቁል ነበር የሚያየው፤ ኮረብታ ላይ ስለሆነ ብቻም አይደለም። ሹማምንቱ፣ ቢሮው፣ የድሮው ክብር እነሱ ዘንድ ነበር፤ እኛ ጋ ገበያና ጭቃ። ባለቤቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ መቱ ሲመደብ እናቱ እንደ ግዞት ቆጥረውት ነበር። ያም ሆኖ እናቴ በልጅነቴ ስለሞተችብኝ፣ የመውለጃዬ ወር ሲደርስ ማንም ሳይጠራቸው ቡና ሊጭን በሚወርድ የጭነት መኪና፣ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጠው መጡ። አንድ ቅል ቅቤና አንድ የእንጨት ሣጥን ይዘዋል። ሣጥኑ ውስጥ ለክርስትናው ቀን የሚለብሱት ነጭ ቀሚስ እንዳለ ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ ነገሩኝ። ልጁ ያኔ ሆዴ ውስጥ ነበር።

ከወለድኩ በኋላ አንዲት ጣሳ ውሃ እንኳ አላስነሱኝም። አራስ ፀሐይ አይመታት፣ ቀዝቃዛ ውሃ አትንካ፣ የልጇን ጨርቅ አትጠብ፤ ሕጋቸው ይህ ነው። ከአሮጌ አቡጀዲ የቀደድናቸውን የሽንት ጨርቆች የሚቀይሩት እሳቸው፣ የሚያጥቡትም እሳቸው ነበሩ። አጥር ላይ ማስጣትማ ከቶ አይታሰብም፤ የሕፃን ጨርቅ ለሰው ዓይን አይሰጥም። ማድቤት ውስጥ ከምድጃው በላይ ገመድ ወጥረው እዚያ ያደርቁታል። ስለዚህ የልጄን ፊት እንጂ ሌላውን ወገኑን አላውቀውም ብል አልዋሸሁም። የማውቀው አማቴ የሚነግሩኝን ነበር፤ የሚነግሩኝም መልካም መልካሙን ነበር።

«ጨርቅ አያበላሽ፣ አያለቅስ! ቁርጥ አባቱን ነው፣ ጨዋ!» ይሉኛል።

እኔም ኩራት ይሰማኝ ነበር። ምን ላድርግ? ልጄን ሲያመሰግኑት እኔን ያመሰገኑኝ ይመስለኛል።

የመጀመሪያውን ወፍራም ቢጫ ወተት፣ እንገሩን፣ «ሆዱን ይቆርጠዋል» ብለው አስጨምቀው አስደፍተውኛል። በምትኩ ቅቤ አስዋጡት፤ ስኳር የሟሟበት ውሃ በጥጥ እየነከሩ አፉ ውስጥ ጠብ አደረጉለት። በክፋት አልነበረም። እሳቸውም እንዲሁ አድገዋል፣ ልጆቻቸውንም እንዲሁ አሳድገዋል። ልጁ ጡቴን ሳቀርብለት አንዴ ሁለቴ ይስብና እንቅልፍ ይወስደዋል። ጠገበልኝ ብዬ አስተኛዋለሁ።

ከአጥራችን ማዶ የአንድ ባለሱቅ ነጋዴ ቤት ነበር። ሚስትየዋ ብዙ ልጅ ያሳደጉ እስላም ናቸው፤ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እንደ ልባቸው ያቀላቅሉታል፣ እኔም «እትዬ» ነበር የምላቸው። ከወለድኩ ሳምንት ሳይሞላኝ፣ አንድ ጠዋት ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ትኩስ የአጃ አጥሚት ይዘው ገቡ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሉኝ። ልጁን ጎንበስ ብለው አዩትና «ኢልመ ኮ፣ ልጄ» ብለው ጉንጩን በጣታቸው ነካ አደረጉት። አልነቃም። ደግመው ነካ አደረጉት። እንደገና አልነቃም።

«ጨርቁን የት ነው የምታሰጡት? ገመድ ላይ አላየሁም» አሉ።

አማቴ ከጓዳ ብቅ አሉ። «ማድቤት ነው። ደግሞስ ምን ጨርቅ አለ? ልጃችን ጨዋ ነው፣ ጨርቅ አያበዛም» አሉ፤ አገጫቸው ወደ ላይ ቀና ብሎ ነበር።

የጎረቤቴ ፊት ላይ የነበረው ፈገግታ ጠፋ።

«እሜቴ፣ ይቅር ይበሉኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ሕፃን ጨዋ አይሆንም። ሕፃን ጨዋ ከሆነ አልበላም ማለት ነው። የሚበላ ልጅ ሲያረጥብ ነው የሚውለው። የለበሰውን ጨርቅ ላየው?»

«የልጄ ልጅ ጨርቅ ለጎረቤት ይታያል?» አሉ አማቴ፤ ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ማድቤት ገቡ።

እኔ ያኔ ሕጉን ጣስኩ። መጠቅለያውን በገዛ እጄ ፈታሁት። ጨርቁ ደረቅ ነበር። መሐሉ ላይ እንደ መቱ መንገድ አቧራ የቀላ ነገር ትንሽ ነካ አድርጎታል፤ ደም መሰለኝና ጮህኩ። ጎረቤቴ ደም አይደለም፣ ውሃ ሲያጥረው ሽንቱ እንዲህ ይሆናል አሉኝ። ከዚያ ሰገራው እንዴት እንደሆነ ጠየቁኝ፤ አላውቅም። እናቱ ሆኜ አላውቅም! አማቴን ከማድቤት ጠርቼ ብጠይቃቸው፣ ከተወለደ ጀምሮ እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚያጣብቅ መሆኑን፣ እሱም ከትናንት ወዲያ መቅረቱን ፊታቸውን አዙረው ነገሩኝ። ጥቁሩ በተወለደ በሁለት በሦስት ቀን ወደ አረንጓዴ መለወጥ፣ ከዚያም ቢጫ መሆን ነበረበት። እሳቸው ግን ሆዱ ንጹሕ ስለሆነ ነው ብለው ተደስተውበት ኖሯል።

ባለቤቴን አስጠራሁት። እናቱን አየ፣ እኔን አየ፤ ከዚያ ምንም ሳይናገር ካፖርቱን ደርቦ ወጣ። ስለዚያ ዝምታው እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። የክሊኒኩን ድሬሰር፣ መርፌ ወጊውን፣ ይዞ ሲመለስ ሁለቱም እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነበሩ። ድሬሰሩ ልጁን ገላልጦ አየው፣ አፉን በጣቱ ዳሰሰ፣ የእግሩን መዳፍ እየኮረኮረ አስለቀሰው። ድምፁ የድመት ግልገል ድምፅ ያህል ነበር።

«ቅቤውም ውሃውም ይቁም» አለ። «ጡት ብቻ። ቢተኛም እየቀሰቀስሽ አጥቢው፣ ጠግቧል አትበዪ። እስኪመሽ ጨርቁ ካልራሰ ዝናብ ነው አትበሉ፣ ሐኪም ቤት ይዛችሁት ኑ።»

የዚያን ቀን ነገር እንዴት ብዬ ልናገር? ጎረቤቴ ቤታቸውን ትተው አጠገቤ ተቀመጡ። ልጁ እንቅልፍ ሲወስደው በእርጥብ ጨርቅ ግንባሩን ይነካሉ፣ እግሩን ይኮረኩራሉ፣ እኔ አጠባለሁ። ከአንዱ ጡት ወደ ሌላው፣ እንደገና ወደ አንዱ። አማቴ ማድቤት ናቸው። ከሰዓት በኋላ ጉሮሮው ሲውጥ ሰማሁት፣ የጠማው ሰው ውሃ ሲያገኝ እንደሚውጠው። ሊመሽ ሲል ጭኔ ላይ አንድ ሙቅ ነገር ተሰማኝ። ጨርቁን አልፎ፣ ቀሚሴን አልፎ አርሶኝ ነበር።

ጎረቤቴ «አልሐምዱሊላህ!» አሉ። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። እርጥብ ቀሚስ ለብሼ የዚያን ያህል ሞቆኝ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ጨርቆቹን ራሴ ማየት ጀመርኩ። ጥቁሩ አረንጓዴ ሆነ፤ አረንጓዴው ቢጫ፣ ቀጠን ያለ፣ የሰናፍጭ ፍሬ የመሰለ ነገር የተበተነበት። ሽታው እንኳ እርጎ እርጎ ይላል። ማድቤት ያለው ገመድ አልበቃ ብሎ ሁለተኛ ተወጠረ። አማቴ ማጠቡን ለማንም አልሰጡም፤ ሳያጉረመርሙ ያጥባሉ፣ ሳይናገሩ ያሰጣሉ። ጎረቤቴ ሲመጡ ግን ጓዳ ይገባሉ። እንዳፈሩ ገብቶኛል። ሆኖም ለእኔ ገንፎውን አንድ ቀን አላስታጎሉብኝም፤ በዚያ ቤት ደግሞ ጡቴን ወተት የሞላው የእሳቸው ገንፎ ነበር።

ልጁ ወር ካለፈው በኋላ ሌላ ጣጣ መጣ። ቢጫው ድንገት ቀረ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ከዚያም በላይ ምንም የለም። እንደገና ነፍሴ ወጣች። በአጥሩ ክፍተት ጎረቤቴን ተጣራሁ።

«ይጠባል?»

«ይጠባል።»

«ጨርቁ ይርሳል?»

«መች ይደርቃል፣ እትዬ!»

«ሆዱስ?»

«ለስላሳ ነው።»

ሳቁብኝ። «ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅ ወር ካለፈው እንዲህ ያደርጋል፤ ወተቱን ሁሉ ለሥጋው ነው የሚወስደው። እንደ ኖራ ነጭ ከሆነ፣ ደም ካየሽበት፣ ሆዱ ከተነፋና ካስመለሰው፣ ትኩሳትም ካለው ያኔ ሩጪ። አሁን ግን ተዪው። ሲመጣ ብቻ ከፊቱ አትቁሚ!»

ይህን ለአማቴ አልነገርኳቸውም። ከጎረቤት የመጣ ምክር ያስቀይማቸዋል ብዬ ነው።

አርባ ቀኑ ደረሰ፣ ልጁም ክርስትና ተነሳ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ቤቱ በእንግዳ ሞላ፤ ከጎሬ የወረዱት ዘመዶች ከንስሐ አባታችን ጋር ከላይ ተቀመጡ። አማቴ ያንን ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ ጥለቱ እስከ እግራቸው ወርዶ፣ ልጁን ጭናቸው ላይ አድርገው መሐል ተሰይመዋል። ጠላ እየተቀዳ ሳለ የልጁ ፊት ቀላ። ግንባሩን ቋጠረ። ከዚያ ያጠራቀመውን ሁሉ ለቀቀው።

ጨርቁ የት ያግደዋል! ቢጫው በነጩ ቀሚስ ላይ ከጭናቸው እስከ ጥለቱ ወረደ። የጎሬ ዘመዶች የያዙትን ጠላ አስቀመጡ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ፤ ውሃና ጨርቅ ይዤ ስሮጥ አማቴ በእጃቸው ከለከሉኝ።

«አትንኪው!» አሉ።

ብድግ ብለው ልጁን እንዳቀፉ ወጡ። እኔም ተከተልኳቸው። በዚያ ቀሚስ ጭቃውን አቋርጠው በቀጥታ አጥሩ ዘንድ ሄዱ፤ ከዚያች ጠዋት ጀምሮ ሊያዩት እንኳ የማይፈልጉት አጥር ነው።

«እትዬ!» ብለው ተጣሩ። አማቴ በዕድሜ የሚያንሳቸውን ሰው «እትዬ» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ጎረቤቴ ሊጥ የነካ እጃቸውን እየጠረጉ ብቅ ሲሉ፣ አማቴ ቀሚሳቸውን በሁለት ጣት ወደ አጥሩ ዘርግተው አሳዩዋቸው።

«ነዪ እዪ! ያተረፍሽው ባለጌ ያደረገኝን እዪ!» አሉ። እንባቸው ይወርዳል።

ጎረቤቴ በአጥሩ ክፍተት እጃቸውን ሰደው ቀሚሱን ያዙት። ልጁ መሐላቸው ሆኖ እግሩን ያወራጫል።

በማግስቱ ፀሐይ ወጣች። ስነቃ አማቴ ማድቤት የሉም። ብወጣ የልጁን ጨርቆች አንድ በአንድ እያራገፉ በጎረቤታችን አጥር ላይ ሲያሰጡ አገኘኋቸው።