የአማቴ ደሴት

አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ወደ ጎንደር የመጡት ዓይናቸውን ሊታከሙ ነበር። ባለቤቴ ሆስፒታል የላቦራቶሪ ሠራተኛ ስለነበር ወረፋ አስያዘላቸውና ከእንፍራንዝ ማዶ፣ ጣና ላይ ካለች ትንሽ ደሴት አምጥቶ እኛ ቤት አሳረፋቸው። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶባቸው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነበር የሚለዩት። እኔ ያኔ ገና ሙሽራ ነኝ፤ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ስለሆነ ከቀሃ ወንዝ የበለጠ ውሃ በዓይኔ አላየሁም።

ሕክምናው ተሳካ። ፋሻው የተፈታ ዕለት አገጬን ይዘው ትክ ብለው ሲያዩኝ ቆዩና "ሸጋ ነሽ፤ ልጄ አልዋሸኝም" አሉኝ። ብዙም ሳይቆዩ ሊመለሱ ዕቃቸውን ሸከፉ። በዚያው ሰሞን ግን የመንግሥትና የአማፅያኑ ጦርነት ወደኛ ቀረበ። የባሕር ዳሩ መንገድ ሲከፈት ሲዘጋ ከረመ፤ ያለ ይለፍ ወረቀት ከአዘዞ ማለፍ አይቻልም፤ ቀበሌው ደግሞ ሁኔታው ይረጋጋ እያለ ይመልሰናል። እንዲህ ስንባል ክረምቱ ገባ፣ ክረምቱም ወጣ። አማቴ እኛው ዘንድ ቀሩ።

ሲከፋቸው አያለቅሱም፤ ስለ ደሴታቸው ያወራሉ። ከሥራ ስመለስ በረንዳው ላይ ምስር እየለቀሙ ይጠብቁኛል፤ አጠገባቸው ቁጭ ስል ካቆሙበት ይቀጥላሉ። አብያተ ክርስቲያናት በእሳት በጋዩበት ዘመን የየብሱ ካህናት ታቦታቸውን ይዘው በታንኳ ወደዚያ መሻገራቸውን፣ የሚያሳድዷቸው ፈረሰኞች ውሃው ዳር ደርሰው መመለሳቸውን ነገሩኝ። ከጎንደር ነገሥታት አንዱ ታሞ ለጠበል ሄዶ እንደዳነ፣ በዚህ ምክንያትም ለቤተ ክርስቲያኗ ከበሮና መጋረጃ እንደሰጠ ነገሩኝ። ጣሊያን በሞተር ጀልባ መጥቶ መሣሪያ ሲፈትሽ ውሎ ምንም ሲያጣ ሎሚ በቆቡ ለቅሞ ሄደ። ይቺን እንኳ በዓይናቸው አይተዋታል፤ ያኔ ልጅ ነበሩ፣ እናታቸው ጌሾው ውስጥ ደብቀዋቸው።

እኔን የሚይዘኝ ግን ከታሪኩ ይልቅ ሌላው ነበር። ጠዋት ጭጋጉ ከውሃው ጋር ሲደባለቅ ታንኳው ደመና ላይ የሚሄድ ይመስላል ይሉኛል። ዋንዛው ጥላ ሥር ቡናው ሲያብብ ንቡ ይሰክራል። ማታ ማታ ጉማሬ ከሐይቁ ወጥቶ አትክልት ስለሚያበላሽ ሰዉ ጣሳ እየመታ ያባርረዋል። ከሁሉም በላይ የቤተ ክርስቲያኗን የሣር ክዳን ያነሱታል። በየጊዜው የደሴቷ ወንዶች ሁሉ ወጥተው ይከድኗታል፣ ሴቶቹ ጠላ ያቀርባሉ፣ ሲያልቅ ከሩቅ ያየ ሰው ጉብታ ይመስለዋል። "ዓይኔ ሳይደክም በፊት ጠዋት የምነሳው እሷን ለማየት ነበር" አሉኝ አንድ ቀን።

እኔም ያላየሁትን አገር መናፈቅ ጀመርኩ። መሥሪያ ቤት የፖለቲካ ውይይት ላይ ተቀምጬ ሐሳቤ ጭልጥ ብሎ እዚያ ይሄዳል። ተናጋሪው ስለ ምርት ግብ ሲያብራራ እኔ ስለ ሎሚ አበባ አስባለሁ።

በጥምቀት ሰሞን ይለፍ ወረቀቱ ለሦስታችንም ተሰጠን። አውቶቡሱ ጠዳን አልፎ በየኬላው እየቆመ እየተፈተሸ እንፍራንዝ ሲደርስ መሽቶ ነበር። አድረን በማግስቱ በእግር ወደ ሐይቁ ወረድን። ውሃው ከፊቴ ሲዘረጋ እግሬ ቆመ። ወዲያ ማዶውን ፈልጌ አጣሁት።

ታንኳ የሚቀዝፉት ሽማግሌ አማቴን ሲያዩ ተነሡ። ዓይናቸው በርቶላቸው እንደሆነ ጠየቋቸው።

"በራልኝ አያ" አሉ አማቴ፤ "በል አሻግረኝና ልያት።"

ከሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል የተሠራው ታንኳ ቀሚሴን ሲያረጥበው ፈርቼ የባለቤቴን ክንድ ያዝኩ። አማቴ ፊት ለፊት ተቀምጠው ማዶ ማዶውን ያያሉ። ደሴቷ እየቀረበች፣ እየጠቆረች፣ ከዚያም አረንጓዴ እየሆነች መጣች። በዛፎቹ መሐል አንድ ነገር ፀሐይ መትቶት አብረቀረቀ። አማቴ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው አዩና ምን እንደሆነ ጠየቁ። ሽማግሌው ናቸው የነገሯቸው፤ ጎረምሶቹ ለውትድርና ስለተወሰዱ ሣር የሚያጭድና የሚከድን ጠፋ፤ ካህናቱ ክረምቱ ሳይገባ ብለው ቤተ ክርስቲያኗን በቆርቆሮ አስከደኗት።

"ምነው አንድ ክረምት ቢጠብቁኝ" አሉ አማቴ፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ደሴቲቱ ላይ የቆየነው በዓሉ እስኪያልፍ ነው። አማቴ ከወረዱ በኋላ ስለ ክዳኑ አላነሱም። እጄን ይዘው ከቤት ቤት አዞሩኝ፤ የሚያውቁትን ሰው ሁሉ ፊት በእጃቸው ይዘው፣ ያኔ እኔን እንዳዩኝ እያዩ፣ ማን እንደሸበተ ማን እንደከሳ ይነግሩታል። ታቦቱ ውሃው ዳር ሲወርድ የየብሱ ሰው በታንኳ እየጎረፈ መጣ፤ ዘፈኑ በሐይቁ ላይ ሄዶ ከማዶ የሚመለስ ይመስል ነበር። ጠዋት ጠዋት ቀድሜ እየተነሳሁ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነጫጭ ትላልቅ ወፎች ተሰልፈው ሲያልፉ አያለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ጊዜ ምንም ሳልፈልግ የተቀመጥኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ልንመለስ ስንል ባለቤቴ የእናቱንም ዕቃ ጠቀለለ። ጦርነቱ እስኪያልፍ ጎንደር ይሻላል ብሎ ለመናቸው። እሳቸው ጥቅሉን ቀስ ብለው ፈቱትና እያንዳንዱን ዕቃ በቦታው መለሱ። "እኔ ቤቴ ገብቻለሁ" አሉት። ወደኔ ዞረው ደግሞ "አንቺ ግን እንግዳ ሆነሽ አትቅሪ፤ ጥምቀት በመጣ ቁጥር ነይ" አሉኝ። እሺ አልኳቸው።

አልሄድኩም። መንገዱ መልሶ ተዘጋ፤ በሚቀጥለው ጥምቀት ነፍሰ ጡር ነበርኩ፤ ከዚያ መንግሥት ተለወጠ። በዚያው ክረምት እንፍራንዝ ገበያ ዓሣ የሚሸጡ ሰዎች ናቸው የአማቴን መርዶ የላኩብን፤ ሲደርሰን ተቀብረው ነበር። ባለቤቴ ለተዝካሩ ብቻውን ሄደ፤ እኔ አራስ ነበርኩ። ሲመለስ የእናቱን ቤት ለቤተ ክርስቲያን እንደሰጠ ነገረኝ። ልጁን ተቀብሎኝ አቀፈ።

ከጎንደር እዚያ ሩቅ አይደለም። ሠርግ፣ ሥራ፣ ሕመም፣ የልጆች ትምህርት ሲባል ዕድሜ ሄደ። የሐይቁን ዳርቻ አሁን እምቦጭ የሚሉት አረም አልብሶታል፣ ለታንኳም ያስቸግራል ይላሉ። ዘንድሮ ባለቤቴን ለጥምቀት እንሂድ ብዬው ነበር።

"ማን አለን እዚያ?" አለኝ።

ማንም የለንም። እኔ ግን አሁንም እዚያ ድንጋይ ላይ አንድ ጠዋት መቀመጥ ያምረኛል።